የፋቅሁት ውግዘት

የተዝረከረከ ነገር አልወድም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ጠባይ ነው፣ ያውም መጥፎ ጠባይ። ግድግዳ ላይ የተጣመመ ወረቀት ካየሁ እጄን ያሳክከኛል። እናቴ «ይሥሐቅ ገነት ቢገባ መጀመሪያ ዛፎቹን ነው መስመር የሚያስይዘው» ትላለች። ጋሼ ገብረየሱስ ጡረታ ወጥተው ገብሳቸውን ሊያርሱ ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ቀየት ሲመለሱና የትምህርት ቤታችን ኔትወርክ በእኔ እጅ ሲወድቅ፣ መጀመሪያ የከፈትሁት እሳቸው የጻፉትን ፕሮግራም ነበር። ከፍቼም ዝም ብዬ አልዘጋሁትም።

ፕሮግራሙ ወንፊት ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ባለው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚያልፈውን ሁሉ አድፍጦ ያያል። በኔትወርክ የሚላክ ነገር እየተቆራረጠ በትንንሽ ፓኬት ነው የሚሄደው። ፓኬት ማለት በፖስታ የታሸገ ደብዳቤ በሉት። ፖስታው ላይ የላከው ማሽንና የሚቀበለው ማሽን ቁጥር አለ። ወንፊት ውስጡን ሳይከፍት ፖስታውን ብቻ አንብቦ፣ ላኪ ይህ፣ ተቀባይ ያ እያለ መስመር በመስመር ያትመዋል። ኔትወርኩ ሲታመም በሽታውን የምናገኘው በዚህ ነው።

ጋሼ ገብረየሱስ ፖስታ የሚያነበውን ኮድ ሦስት ጊዜ ጽፈውታል። አንዱ በገመድ ለሚመጣው፣ አንዱ በአየር፣ በዋይፋይ አንቴና ለሚመጣው፣ ሦስተኛው ከተነቀለ ዘመን ላስቆጠረው የስልክ መስመር ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ሦስት ጊዜ የተገለበጠ መሰለኝ፤ ሦስት መቶ መስመር ሙሉ። ደሜ ፈላ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስቱን አንድ አድርጌ ወደ ስድሳ መስመር አወረድሁት፤ ሲያልቅ ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ ቁጭ ብዬ አየሁት።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ቆሜ ነበር። በገመዱ ኮድ ተቀባዩ ይቀድማል፣ ላኪው ይከተላል፤ እኛም ደብዳቤ ስንጽፍ ከሁሉ በፊት «ይድረስ» ብለን ተቀባዩን አይደል የምንጠራው። የአንቴናው ኮድ ግን አራት መስመር ጨምሮ ቁጥሮቹን አንዳንዴ እንዲህ፣ አንዳንዴ እንዲያ ያገላብጣቸዋል። ሽማግሌው እንቅልፍ እያንገላጀጃቸው የጻፉት ነው አልሁ። ከአራቱ መስመሮች በላይ በግዕዝ አንድ ነገር ሰፍሮ ነበር፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው።

ሌላ አገር ያደገ ባለሙያ ቢሆን ይህን ባየ ጊዜ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ቤታችን ያለው ብራና ሁሉ፣ ዳዊቱም ድርሳኑም፣ መጨረሻው ላይ ይህንኑ ይዟል፤ ዓይኔ እየዘለለው ነው ያደግሁት። የሽማግሌ ቀልድ ነው ብዬ ሳቅሁ፤ ከአራቱ መስመሮች ጋር ደመሰስሁት።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለሞዴል ፈተና ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመቶ አርባ ልጆች ስክሪን ባንዴ ቀጥ አለ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ሲመለስ የመለሱት ሁሉ ጠፍቷል። ልጆቹ ተላቀሱ። ልጁን ለማስፈተን ከዘመሮ ድረስ የመጣ አንድ አባት በሩን በከዘራው እስከ መምታት ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ አቶ አንዷለም የማንን ስም እንደሚጠራ አጥቶ የኔን ብቻ ሲጠራ ዋለ።

ወንፊትን ከፈትሁ። በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ሺህ ፓኬት አንቴናውን አጨናንቆታል፤ ላኪው ደግሞ አንድ ማሽን ነው፣ መጨረሻ ቁጥሩ አርባ ሁለት። የማሽኖቹን መዝገብ ገለጥሁ። አርባ ሁለት የቤተ መጻሕፍቱ ላፕቶፕ ነው፤ የያዘችውም ጌታነሽ ናት። ወረቀቱን አትሜ፣ ፈርሜ ሰጠሁ። አቶ አንዷለም የተቆጡትን ወላጆች የሚያበርድ ነገር አገኘሁ ብሎ ከነፊርማዬ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው፤ «የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጌታነሽ» የሚለውን በቀይ አሰመረበት።

ጌታነሽ ቤተ መጻሕፍቱን ስድስት ዓመት ይዛ አንድ መጽሐፍ ያልጠፋባት ሴት ናት። ወረቀቱን እንዳየች ወደ ቢሮዬ መጣች። አልጮኸችም፤ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ይሥሐቅ፣ እኔ ያን ሰዓት መጽሐፍ እየደረደርሁ ነበር። ላፕቶፑን እጄ አልነካውም።»

ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። «ማሽን አይዋሽም» አልኋት።

ይህችን ቃል ዛሬም ሳስባት ፊቴ ይግላል። ጌታነሽ ወጣች። እስከ ማታ ድረስ ከተማው ምክንያቱንም አገኘላት፤ ከተፈታኞቹ አንዷ የእህቷ ልጅ ናትና፣ ልጅቷ ስላልተዘጋጀች አክስቷ ፈተናውን አቋረጠችላት ተባለ። ረቡዕ ጠዋት ጌታነሽ በግቢው ስታልፍ ልጆች መንገድ ይለቁላታል፤ በአክብሮት አልነበረም። ገበያ ላይ ሽሮ የሚሸጡላት ሴቶች ሰላምታዋን እንዳልሰሙ ሆኑ አሉ። መንዝ ላይ ስም አንዴ ከቆሸሸ የልጅ ልጅ ነው የሚያጥበው። አቶ አንዷለም ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ወላጆችን ሰብስቦ ጉዳዩን ሊያሳውቅ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ እሷን ከነወረቀቱ ለፖሊስ ሊያስረክብ ወሰነ።

ሐሙስ በማለዳ አቶ አንዷለም ጠርቶኝ፣ ፖሊስ እንዲገባው አድርገህ ጻፍልኝ አለኝ። ሁለት ሰዓት ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዓይኔ ላኪው ላይ ብቻ ነበር። አሁን ለፖሊስ «ለማን ላከች?» የሚለውን መመለስ ስላለብኝ ተቀባዩን አየሁ።

ተቀባዩ አንቴናው ነው ይላል። ሁለተኛውም መስመር፣ አሥረኛውም፣ ሺኛውም። አሥራ አንድ ሺውም ተቀባያቸው አንቴናው ነው።

አንቴና ፖስተኛ ነው፤ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያደርሳል እንጂ የራሱ ደብዳቤ የለውም። ለፖስተኛ አሥራ አንድ ሺህ ደብዳቤ የሚጽፍ ማን አለ? የሌሎቹን ማሽኖች መስመር አየሁ፤ ወደ አንቴናው የወጣ ሁሉ እንዲሁ ነው። ኮዱን ካጸዳሁ በኋላ ሞክሬው ነበር፤ የሞከርሁት ግን ከአንቴናው ወደ ላፕቶፔ በሚወርደው ብቻ ነው።

ስልኬን አንስቼ ቀየት ደወልሁ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ጋሼ ገብረየሱስ አነሱ፤ ማሳ ላይ ናቸው፣ ነፋሱ ከድምፃቸው ጋር ይገባል። የሆነውን ሳልነግራቸው ስለ አራቱ መስመሮች ብቻ ጠየቅኋቸው። ረጋ ብለው አስረዱኝ። ከአንቴናው ወደ ማሽን በሚወርድ ፖስታ ላይ ተቀባዩ ይቀድማል፣ ላኪው መጨረሻ ይመጣል። ወደ አንቴናው በሚወጣው ላይ ግን መጀመሪያ የሚጻፈው የፖስተኛው የራሱ ቁጥር ነው፤ ላኪው መሐል ይገባል፣ እውነተኛው ተቀባይ ወደ መጨረሻው ይሄዳል። አራቱ መስመሮች ይህን ነበር የሚለዩት። እነሱ ከሌሉ ፕሮግራሙ ተቀባዩን ላኪ ብሎ ያትመዋል።

«ለዚህ ብዬ እኮ ነው ላዩ ላይ የጻፍሁበት» አሉ። «ምን አደረግኸው?»

«ኮዱን ሳጸዳ…» ብዬ ጀመርሁ። አላስጨረሱኝም።

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አሉና መስመሩ ተቋረጠ። እሳቸው ይዝጉት ኔትወርኩ ይቁረጠው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ለመጠየቅም አልደፈርሁም።

ጌታነሽ ላኪ አልነበረችም ማለት ነው። ተቀባይ ነበረች። ታዲያ አሥራ አንድ ሺህ ፓኬት የላከባት ማን ነው? የድሮው ኮድ ቅጂ ነበረኝ፤ አወጣሁና ማክሰኞ የተቀዳውን ጥሬ ፓኬት በእሱ አስነበብሁት። ሦስት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ መውረድ ጀመሩ። ተቀባይ አርባ ሁለት። ላኪ አሥራ ሰባት። ላኪ አሥራ ሰባት። ላኪ አሥራ ሰባት።

መዝገቡን ገለጥሁ። ከተማሪዎቹ ማሽኖች አሥራ ሰባት የለም። ከመምህራኑም የለም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ከመዝገቡ ላይ ዓይኔን አነሳሁ። የራሴን ላፕቶፕ ገልብጬ ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አነበብሁ።

አሥራ ሰባት እኔ ነኝ።

ኮዱን ማጽዳት ከመጀመሬ በፊት፣ ከጥንቃቄ ብዛት፣ ወንፊት የሚይዘውን መዝገብ ሁሉ ላፕቶፔ በየቀኑ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ላፕቶፕ እንዲገለብጥ አዝዤው ነበር፤ የእሷው ሰፊ ቦታ ስላለው። ሰዓቱንም ሦስት ተኩል ያደረግሁት ያን ጊዜ ተማሪው ለዕረፍት ሜዳ ላይ ስለሚሆን መስመሩ ባዶ ነው ብዬ ነው። ለጌታነሽ አልነገርኋትም፤ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ፈተናው በዚያ ሰዓት እንደሚሆን ሲነገርም ትዝ አላለኝም። ፈተናውን የጣልሁት እኔ ነኝ፤ እሷንም የከሰስሁ እኔ ነኝ፤ ምስክር ብዬ ያቀረብሁት ማሽንም በገዛ እጄ ያሳሳትሁት ነው።

የአራት ሰዓት ደወል ተደወለ።

ወደ አዳራሹ ስሄድ ምን እንዳሰብሁ ልደብቅ አልችልም። ስብሰባው ይለቅ፣ ከዚያ አቶ አንዷለምን ለብቻው ጠርቼ እነግረዋለሁ፣ ለፖሊስ ሳይሰጥ በጸጥታ ይዘጋል እያልሁ ነበር። ስሜም አይነሳም፣ እሷም ትተርፋለች። ጌታነሽ በሰው ሁሉ ፊት ስሟ ከሰሌዳ ላይ የተነበበ ሰው መሆኗን፣ በጸጥታ የተዘጋ ነገር እሷን እንደማያነጻት፣ አውቄው ነበር። ግን ሄድሁ፤ ኋላ ወንበር ላይም ተቀመጥሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጫጫል። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ የገዛ አባቴ፣ መምሬ መርስዔ ኃዘን ናቸው፤ በርኖሳቸውን ደርበው ከአቶ አንዷለም ጎን ተቀምጠዋል። አቶ አንዷለም ወረቀቱን አነበበ፤ አርባ ሁለት ሲል አጠገቤ ያለች ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ጌታነሽ የምትለው ካላት ተባለችና ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥታ ወደ አባቴ ዞረች።

«መምሬ፣ እኔ ምስክር የለኝም። ማሽንም አላውቅም። ይግዘቱልኝ። ያወቀ ካለ ይናገር።»

ግዝት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። በሬ ሲጠፋ፣ ክምር ሲቃጠል፣ ሰው መላ ሲያጣ ነው ቄስ የሚለመነው፤ እያወቀ የደበቀ ሰው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከቁርባን፣ ከጎረቤት እሳት ይለያል። አባቴ አይወዱትም። የትምህርት ቤት ነገር በትምህርት ቤት ሕግ ይለቅ ብለው ሊከለክሉ ሞከሩ። ሽማግሌዎቹ ግን እሷ ራሷ ከጠየቀች ምን ቀረ፣ ይግዘቱ አሉ። አባቴ ተነሱና መስቀላቸውን ከበርኖሳቸው ሥር አወጡ።

አባቴ ሲገዝቱ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሰው ሁሉ ለመስማት አንገቱን ያሰግጋል። «ያየህ፣ የሰማህ፣» አሉ፣ «ያወቅህ፣ እያወቅህ የሸሸግህ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ…» ብለው አቆሙ። ልማዱ ነው፤ ከማሰሪያው ቃል በፊት ቄሱ ቆም ይላል፣ የሚናገር ካለ እንዲናገር። በዚያች ፋታ ውስጥ አባቴ አዳራሹን በዓይናቸው ዞሩት። እኔ ላይ ሲደርሱ አልቆሙም፤ ልጃቸውን አልጠረጠሩም።

ያ ነው ያስነሳኝ። ቢጠረጥሩኝ ኖሮ ምናልባት ተቀምጬ እቀር ነበር።

«አባ፣ ይቆዩ። ቃሉን አይዝጉት» አልሁ።

ወረቀቱ ስህተት ነው አልሁ። ወደ አንቴና በሚወጣው ላይ ፕሮግራሙ ተቀባዩን ላኪ እያለ እንዳተመ፣ ጌታነሽ የተላከባት እንጂ የላከች እንዳልሆነች በምችለው ሁሉ አስረዳሁ። ግማሹ ሰው አልገባውም፤ እሷ አይደለችም ማለቴ ግን ገባው። አቶ አንዷለም አፈፍ ብሎ ተነሳ። የጉዳዩን ማምለጫ አግኝቷል። እንግዲያው የማሽን ብልሽት ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፈተናው ሰኞ ይደገማል አለ። አዳራሹ ተነፈሰ። ከፊት ያሉት ለመነሳት ከዘራቸውን ያዙ። እኔም ልቀመጥ ጎንበስ አልሁ፤ ደግሞም እውነት ለመናገር ደስ አለኝ።

ጌታነሽ አልተነሳችም፤ መጀመሪያውኑም አልተቀመጠችም ነበር። ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ።

«ማሽን አይዋሽም ብለኸኛል» አለችኝ። «ታዲያ ማን ነው የዋሸው?»

ከዘራዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አባቴ መስቀላቸውን እንደያዙ ናቸው።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «የላከው ማሽን የኔ ነው። ያዘዝሁትም እኔ ነኝ፣ ላንቺ አልነገርሁሽም። ማሽኑን ያሳሳትሁትም እኔ ነኝ፤ ደህና ይሠራ ነበር፣ ላሳምረው ብዬ አበላሸሁት።»

አቶ አንዷለም ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ከቄስነት ወደ አባትነት በወረደ ድምፅ ጠየቁኝ።

«ገብረየሱስ ሳያስጠነቅቅህ ነው?»

«ጽፈውበት ነበር።»

«ምን ብሎ?»

ቃሉን በግዕዝ አልሁት። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቁታልና አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ግን ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም።

«አንተስ ምን አደረግህ?»

«ፋቅሁት።»

አባቴ የግዝቱን ማሰሪያ ሳይናገሩ መስቀላቸውን ወደ በርኖሳቸው ሥር መለሱት። ወደ ጌታነሽ ዞረው፣ የተበደልሽው አንቺ ነሽ፣ ካሳውንም አንቺ ተናገሪ አሏት። ሰው ሁሉ ይቅር ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ እኔም ጠበቅሁ። በእኛ አገር በሽማግሌ ፊት እንዲህ ሲባል ይቅር ይባላል።

«የኔ ስም ሁለት ቀን ተለጥፏል» አለች። «የሱም ስም እዚያው ቦታ ይለጠፍ። አሁን ያለውን ሁሉ በገዛ እጁ ይጻፈው። እኔ ራሴ ሁለት ቀን ሲሞላ እስክገነጥለው ድረስ ማንም እንዳይነካው።»

በዚያው ቀን ጻፍሁት። ላኪ አሥራ ሰባት፣ ይሥሐቅ መርስዔ ኃዘን፤ ተቀባይ አርባ ሁለት፣ ጌታነሽ። ከሥሩም ማሽኑን ማን እንዳሳሳተውና ጌታነሽ ምንም እንዳላጠፋች ጻፍሁ። አሮጌውን ወረቀት ራሷ ገነጠለችው፤ አዲሱን እኔ ለጠፍሁት። አጠገቤ ቆማ እያንዳንዷን ቃል በጣቷ እየተከተለች ጨርሳ አነበበች። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኋት። ሰምታኛለች፤ ቁልፏን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቷ ሄደች።

አቶ አንዷለም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ሰኞ ፈተናው ተደግሞ በሰላም አለቀ። ወንፊት ውስጥ አራቱን መስመሮች መለስሁ፤ ከላያቸው የጋሼ ገብረየሱስን ውግዘት እንደ ነበረው፣ ከሥሩ ደግሞ ለምን እንደ ተጻፈ በአማርኛ ጨመርሁ። ኮዱ ስድሳ የነበረው ሰባ ምናምን መስመር ሆነ። አያምርም።

ጌታነሽ ያለችው ሁለት ቀን ከሞላ ሦስት ሳምንት አለፈ። ገበያ ላይ ሰላምታዋን ይመልሱላታል አሉ፤ የዘመሮው ሰውዬም መጥቶ ይቅርታ ጠይቋታል። በየጠዋቱ በሰሌዳው ፊት ታልፋለች፤ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ወረቀቱን ሳታየው። አልገነጠለችውም። እኔም በዚያው አልፋለሁ። ነፋሱ አንዱን ጫፉን ነቅሎት ወረቀቱ ወደ ግራ ተጣሟል። እጄን ያሳክከኛል። አልነካውም።